ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ

ወንድሜን «ሰውዬው» ነው የምለው። ታላቄ ስለሆነ «ጋሼ» ልለው ይገባ ነበር፤ ልጆች ሳለንም እለው ነበር። አሁን ግን በስሙም ሆነ በማዕረጉ ለመጥራት አንደበቴ እምቢ ካለኝ ቆይቷል። እሱም እኔን «ያቺ» ነው አሉ የሚለኝ። ይበለኝ፤ እኔም የእሱን ጥሪ ደጅ አልጠናሁም።

ሆድና ጀርባ ከሆንን ወዲህ የምንነጋገረው፣ ከሞላ ጎደል፣ በእማዬ ፋይሎች ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ካላስረዳሁ ቀሪው ሁሉ የእብድ ጨዋታ ስለሚመስል ትንሽ ልታገሥና ላስረዳ። ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ ቢሆንም።

እማዬ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ሆስፒታል ገብታ ስትወጣ፣ ቀኝ እጇና ምላሷ አብረዋት አልወጡም። አእምሮዋ ግን እንደ ድሮው ነው። ሁሉን ትሰማለች፣ ሁሉን ታስታውሳለች፣ ሁሉን ትታዘባለች። ዕድሜዋን ሙሉ የቢሮ ጸሐፊ ነበረች፤ ታይፕ የምትመታው ፊቷን ወደ ሰው አዙራ እያወራች ነበር። አሁን በግራ እጇ አንድ ጣት ፊደል በፊደል ትለቅማለች። የንግግር ሐኪሟ አንድ ፕሮግራም አመጣችልንና እማዬ የጻፈችውን ላፕቶፑ በሴት ድምፅ ያነብላት ጀመር። ለዕለት ተዕለት ነገር ደግሞ ትልልቅ ቁጥር የተለጠፈባቸው ቁልፎች አሉ። አንዱን ስትጫን አስቀድሞ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ «ውሃ ስጡኝ»፣ «ወገቤን አመመኝ»፣ «መብራቱን አጥፉልኝ»።

አንድ ወር እኔ ዘንድ፣ አንድ ወር ሰውዬው ዘንድ ትኑር ብለን ተስማማን። ፎቅ ላይ ያለውን የራሷን ቤት ዘግተን አደራውን ለጎረቤት ሰጠን። በየቤታችን ለእሷ አንዳንድ ላፕቶፕ አስቀመጥን፤ ችግሩም ከዚያ መጣ። እኔ ፊደሉን አተልቄ፣ ድምፁን ዝግ አድርጌ ስሸኛት፣ እዚያ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ሆኖ ይጠብቃታል። ድምፁም ባቡር ሊያመልጠው እንደሆነ ሰው ይጣደፋል። ስለዚህ የእማዬን ማስተካከያዎች በሙሉ፣ የፊደሉን መጠን፣ የድምፁን ፍጥነት፣ የየቁልፉን ዓረፍተ ነገር፣ በትንንሽ ፋይሎች ከፋፍዬ ጊት ውስጥ አስገባኋቸው። ጊት በእኛ ሥራ የለውጥ መዝገብ ነው። አንድ ሰው አንዲት ፊደል ቢነካ፣ ማን እንደነካ፣ መቼ እንደነካ፣ ለምን እንደነካ ይይዛል። ለውጡ ወደ ጋራ ማከማቻ ይላካል፤ ሌላው ላፕቶፕ ሲከፈት ከዚያ ይወስደዋል። በዚህ መንገድ እማዬ በሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት አፍ ኖራት። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ሰውዬው የራሱ እንደሆነ ያወራል፤ የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለው ግን የእኔ ስም ነው፤ ሄዶ ማየት ይችላል።

እኔ ፕሮግራም ፈታሽ ነኝ። ደመወዝ የሚከፈለኝ የሰው ስህተት ስፈልግ ስለምውል ነው። እሱ የኔትወርክ ቴክኒሻን ነው፤ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ጥፋቱ የሌላ ሰው መሆኑን በማስረዳት የታወቀ ነው።

ጠቡን የጀመረው እሱ ነው። አንድ ጊዜ እማዬ ከእሱ ዘንድ ስትመለስ ላፕቶፑ የሚያንሾካሹክ ሆነ። መዝገቡን ባየው ሰውዬው ድምፁን ቀንሶታል፤ ምክንያት ብሎ የጻፈው «ልጆች ይተኛሉ» ነው። መለስኩትና «እናትም ትናገራለች» ብዬ ጻፍኩ። ቀነሰው፤ «ቤቴ ነው»። ጨመርኩት፤ «አፏ ነው»። እንዲህ እያልን ወራት ከረምን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ከአፍ የወጣው ሁሉ ከነቀኑ ተቀምጦ ይጠብቀናል።

ሰውዬውን ከሁሉ ይበልጥ ያናደደው አንድ ቁጥር የተለጠፈበት ቁልፍ ነው። አንድ ቁጥር ላይ «አመሰግናለሁ ልጄ» የሚል አስቀምጬላት ነበር። ፀጉሯን አጥቤ፣ አበጥሬ፣ ጎንጉኜ ስጨርስ ጣቷን ትዘረጋና ትጫነዋለች። እውነቱን ልናገር፤ ቢሮ ውዬ፣ ገበያ ሮጬ፣ እግሬ አብጦ ስገባ ያቺን ድምፅ ለመስማት ነበር የምቸኩለው። ሰውዬው መዝገቡ ላይ «ለራስ ምስጋና መጻፍ ነውር ነው» ብሎ ጻፈብኝ። ደሜ ፈላ። እሱ ለእናቱ አንድ ቀን ፀጉር አጥቦ ያውቃል?

ከዚያ እማዬ ወደቀች። ከእኔ ዘንድ ወደ እሱ ዘንድ ስትሄድ ከመኪና ስትወርድ እግሯ ከዳትና ጉልበቷ ተጎዳ። እኔ «ቀስ ብለህ አውርዳት» ብያለሁ፤ እሱ «በሩን አንቺ ነሽ የገፋሽው» ይላል። የንግግር ሐኪሟ ሁለታችንንም ጠርታ፣ «ሴትዮዋ የጋዝ ሲሊንደር አይደለችም በየወሩ የምትጓጓዘው። አንድ ቦታ ትርጋ» አለችን። በዚያው ሰሞን የእማዬ ታናሽ ወንድም ደወለ። አጎታችን ጡረታ የወጣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም፣ ሁሉም ሰው ግን ይፈራዋል።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለኝ። «የት እንደምትኖር ከእናንተ አይደለም የምሰማው፤ ከራሷ ነው። እሷ ያለችው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ የሰማሁ እንደሆነ ግን፣ አጎት አለን እንዳትሉ።»

እኔ የምፈልገውን አውቅ ነበር። እማዬ ለዘለቄታው ከእኔ ጋር እንድትኖር ነው። ሰውዬው ዘንድ ሄጄ በዓይኔ ያየሁትን አልረሳም። እንግዳ ሲመጣ ሚስቱ ላፕቶፑን አንስታ ቁም ሣጥን ላይ ትሰቅለዋለች፤ «ድምፁ ሰው ያስደነግጣል» ትላለች። እማዬ ግራ እጇን ወደ ቁም ሣጥኑ ዘርግታ እንግዶቹ እስኪሄዱ ተቀመጠች። እዚያ ቤት ከቀረች ዕቃ ሆና ነው የምትቀረው። ሰውዬው ደግሞ ስለ እኔ የሚያወራው አለው፤ «ቀኑን ሙሉ ለሞግዚት ጥላት ትውልና ማታ ምስጋና ልትሰበስብ ትመጣለች» ይላል። ሐሰት ነው። ማለቴ፣ ሞግዚቷ እውነት ናት፤ ሌላው ሐሰት ነው።

ወሩ የእሱ ነበር፤ እማዬ እሱ ዘንድ ናት። ከቅዳሜው በፊት ቢሮዬ ተቀምጬ አንድ ነገር አሰብኩ። እማዬ አጎቴ ፊት ፊደል ስትለቅም ትደክማለች፤ ሰውዬው አጠገቧ ቆሞ ያስጨንቃታል። ለምን አላግዛትም? ዘጠኝ ቁጥር «ቴሌቪዥኑን ክፈቱልኝ» የሚል ነበር፤ እማዬ ቴሌቪዥን ስለማትወድ ተጭናው አታውቅም። አጠፋሁትና «ከሴት ልጄ ጋር መኖር እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። መዘገብኩት። ወደ ማከማቻው ልልከው ስል ጊት በቀይ ጽሑፍ መለሰብኝ፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ለውጦታል።

ከፈትኩት። ዘጠኝ ቁጥር። «ከወንድ ልጄ ጋር መኖር እፈልጋለሁ።» የለውጡ ምክንያት፤ «ለቅዳሜ»።

ለቅዳሜ! እንዲህ ያለ ዓይን አውጣ! ከእነዚያ ሁሉ ቁልፎች ያንኑ መርጧል፤ ያው አንድ እናት አይደለች ያሳደገችን። አንቺስ ያንኑ አላደረግሽም ወይ የሚለኝ ይኖራል። አድርጌአለሁ። የእኔ ግን እውነት ነበር።

እዚህ ጋ ስለ ጊት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ሰው አንድ መስመር ሲለውጥ ጊት አይፈርድም። ግጭት አለ ብሎ ሁለቱንም ጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ከላይ የ«ያንሳል» ምልክት ደርድሮ፣ መሃል ላይ የ«እኩል ነው» ምልክት ደርድሮ፣ ከታች የ«ይበልጣል» ምልክት ደርድሮ። ከዚያ ሰው እስኪመርጥ ይጠብቃል። የሰው ሥራ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ከነምልክቶቹ መሰረዝ ነው። ይህን ለአዲስ ተቀጣሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ።

ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ቆንጥጬ ሰውዬው ጋ ደወልኩ። ከተኳረፍን ወዲህ በስልክ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ዘጠኝን ነካኸው?» አልኩት።

«አንቺም ልትነኪው ስትሄጂ ነዋ ያየሽው» አለ። ይሄን ያህል ፈጣን መሆኑን ረስቼው ነበር።

«እናትህን ቃል ታጎርሳታለህ? አታፍርም?»

«እኔ ነኝ የማጎርሳት? አንድ ቁጥር ላይ ማን ነው ‹አመሰግናለሁ ልጄ› ብሎ የጻፈው? ራስሽን በራስሽ ስታመሰግኚ ዓመት ሊሞላሽ ነው!»

«እሷ ትወደዋለች!»

«ትወደዋለች? ነገረችሽ? ወይስ ለሱም ቁልፍ ሠራሽለት?»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። አጠገቤ የተቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ ብርጭቆውን ይዞ ተነስቶ ሄደ። አፌ ሲጮህ ጣቶቼ ደግሞ የለመዱትን ትእዛዝ ይጽፉ ነበር፤ ሁሉን ጨምር፣ መዝግብ፣ ላክ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። የእኔን አስቀርቼ የእሱን የሰረዝኩ መሰለኝ። በለውጡ ምክንያት ላይ «ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ፤ ስልኩንም ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ፋይሉን መልሼ አልከፈትኩም። የሰው ስህተት ስፈልግ የምውል ሴት የራሴን አላየሁም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሰውዬው ቤት ሄድኩ። ሳሎኑ ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ አለው፤ ሲቀመጡበት ይንጫጫል። ኬብሎቹ ግን በግድግዳው ጥግ ለጥግ ተሰልፈው፣ በየመሃሉ ታስረው፣ ለዓይን ያምራሉ። ለእናቱ ያን ያህል ቢጨነቅ! እማዬ መስኮቱ አጠገብ ጉልበቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብዬ ሳምኳት። ጠረጴዛዋ ላይ ላፕቶፑ ተከፍቷል። ሰውዬው በሩ ጋ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያሸነፈ ሰው ፈገግታ አለ። እኔም ሳልፈግግ አልቀረሁም።

አጎቴ መጣ፤ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ስቦ ከእማዬ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«እትዬ» አላት፣ «እነዚህ ልጆችሽ እንደ አሮጌ ጎማ ሲያንከባልሉሽ ከረሙ። አሁን ይብቃ። የት መኖር ትፈልጊያለሽ?»

«ዘጠኝን ተጫኚ፣ እማዬ» አለ ሰውዬው።

«አዎ እማዬ፣ ዘጠኝን» አልኩ እኔ።

ዞር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ያን ጊዜ እንኳ አልጠረጠርንም። እሱ የሱን፣ እኔ የኔን እየጠበቅን ነው።

እማዬ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እሱን። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ልጆች ሆነን ብርጭቆ ሰብረን ሁለታችንም «እኔ አይደለሁም» ስንል የምታየን እንደዚያ ነበር። ጣቷን አነሳችና ዘጠኝን ተጫነች።

«ያንሳል ያንሳል ያንሳል ያንሳል ያንሳል» አለ ላፕቶፑ፣ በዚያ በረጋ የሴት ድምፁ። «ከሴት ልጄ ጋር መኖር እፈልጋለሁ። እኩል ነው እኩል ነው እኩል ነው እኩል ነው እኩል ነው። ከወንድ ልጄ ጋር መኖር እፈልጋለሁ። ይበልጣል ይበልጣል ይበልጣል ይበልጣል ይበልጣል።»

የሰውዬው ሚስት ትሪ ይዛ ስትገባ ደፍ ላይ ቆማ ቀረች።

«ማን ነው ያነሰው?» አለ አጎቴ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ሰውዬውም ገብቶታል። «ግጭቱን ሳትፈቺ ላክሽው!» ብሎ ጮኸ። «ፈታሽ ነኝ ትላለች! እንኳን ፕሮግራም እንቁላል አትፈትሽም!»

«አንተስ ጠዋት ላፕቶፑን ስትከፍት አታይም ነበር? ዓይንህ የት ነበር?»

«ተስተካክሏል ብለሽ ጽፈሻላ!»

«አንተ መጀመሪያ ባትነካው…»

«ያንሳል ያንሳል ያንሳል» አለ ላፕቶፑ። እማዬ ናት፤ ዘጠኝን መልሳ ተጭናዋለች። ድምፃችንን ከፍ አደረግን። አሁንም ተጫነችው። እስኪጨርስ አልጠበቀችም፤ ገና «ያንሳል» ሲል ትጫነዋለች፣ እንደገና «ያንሳል» ይላል። እኛ በጮኽን ቁጥር ትጫነዋለች። ክፍሉ ውስጥ «ያንሳል ያንሳል» ብቻ ቀረ። መጀመሪያ ሰውዬው ዝም አለ፤ ቀጥሎ እኔ። ከዚያ እማዬ ጣቷን አነሳች።

አጎቴ መሬት መሬት እያየ ነበር። «እነሱ የሚሉትን ሰማሁ» አለ። «አሁን ያንቺን።»

እማዬ ኪቦርዱን ወደ ሆዷ ሳበችው። ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ትንሽ ተንሳፈፈና ወረደ። ስክሪኑ ላይ «ቤ» የሚል ፊደል ወጣ።

«ቤ… ከቤተሰብ ጋር?» አልኩ። «ከቤተሰብ ጋር ማለትሽ ነው እማዬ?»

«ቤት እንቀይር ለማለት ነው» አለ ሰውዬው። «ምድር ቤት ያለው…»

«ዝም!» አለ አጎቴ። አሁንም አልጮኸም። «ዝም አይነቅዝም። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ፣ አሮጊት ተሳፋሪ ዕቃዋን ይዛ እስክትወርድ ሞተር አጥፍቼ ነው የጠበቅሁት። ከኋላ ስንቱ ሲሰድበኝ። እትዬ ትውረድ፣ እናንተ ተቀመጡ።»

ላስቲኩ ተንጫጫ፤ አንድ ሶፋ ላይ ተቀመጥን። እማዬ ስትጽፍ አይቻት አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። አጠገቧ ሁልጊዜ እኖራለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ፊደል ስትጽፍ ሦስተኛውን ገምቼ «ውሃ ነው? መጣሁ!» እላለሁ። ትጽፈው የነበረው ውሃ መሆን አለመሆኑን ቆሜ አይቼ አላውቅም። አሁን አየሁ። አንድ ፊደል ትጫናለች፣ ቀና ብላ ታየዋለች፣ ስህተት ከሆነ ተመልሳ ታጠፋዋለች። ስህተት ጥላ አታልፍም፤ ጸሐፊ ናት። አንድ ጊዜ ነጥብ ረስታ ተመልሳ ነጥቡን አስገባች። ሚስትየው ያመጣችው ሻይ ቀዘቀዘ። ሰውዬው አጠገቤ ጉልበቱን ያንቀጠቅጣል፤ ልጅ ሆኖም ፈተና ሲደርስ እንዲያ ያደርግ ነበር። ጉልበቱን በእጄ ልጫነው አማረኝ፣ ተውኩት።

በመጨረሻ የንባቡን ቁልፍ ተጫነች።

«ቤቴ። የራሴ ቤት። ከእንግዲህ እኔ አልመላለስም። እናንተ ተመላለሱ።»

እኔም እሱም ካሰብነው ውስጥ ይህ አልነበረም። ከእነዚያ ሁሉ ቁልፎች አንዱ ላይ እንኳ፣ ከሁለታችን አንዳችን፣ «ቤቴ» የሚል ቃል አልጻፍንም። አንዴም። ይህን ያህል ቀላል ቃል!

«ደረጃውስ?» አልኩ፤ ሰውዬውም በዚያው ቅጽበት «ብቻሽን እንዴት…» አለ። አጎቴ እጁን ሲያነሳ ሁለታችንም ቆምን። እማዬ እንደገና እየጻፈች ነበር። ጠበቅን።

«ሞግዚቷ ከእኔ ጋር ትሁን። ፓስወርዱን ስጡኝ። ከአፌ የሚወጣውን እኔ እመርጣለሁ።»

አጎቴ የምን ፓስወርድ እንደሆነ አልገባውም፤ «ስጧት» አለ ብቻ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ክርን ለክርን ተጋፍተን፣ አንድ ላፕቶፕ ፊት ተቀመጥን። እሱ ይጽፋል፣ እኔ ስህተቱን አሳየዋለሁ። ቃል አልተነጋገርንም፤ በጣቴ እጠቁማለሁ፣ ያስተካክላል። ማከማቻውን ለእማዬ አስረከብናት። ከዚያ በኋላ እኔም ሆንኩ እሱ ለውጥ ሐሳብ ማቅረብ እንጂ ማስገባት አንችልም፤ እሷ «ተቀበልኩ» ካላለች ከጋራው ማከማቻ አይገባም። አጎቴ ስንጨርስ ከኋላችን ቆሞ ነበር። «አያችሁ፣ ሁለታችሁም እጅ አላችሁ» አለ።

እማዬ ቤቷ ገባች። ደረጃው ላይ ሰውዬው መያዣ ብረት አስገጠመ፤ ጥሩ አድርጎ አስገጥሞታል፣ መካድ አልችልም፤ ግን ቀለሙ አስቀያሚ ነው። እሱ በቀኑ ይመጣል፣ እኔ በቀኔ። አንዳችን ያንዳችንን ፊት እንዳናይ ተጠንቅቀን ነው የተከፋፈልነው። መዝገቡን ግን ሁለታችንም በየቢሮአችን ሆነን እናያለን፤ አሁን ሦስተኛ ሰው ይጽፍበታል። የመጀመሪያ ለውጧ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ ነበር። ምክንያት አልጻፈችም። ሁለተኛው ዘጠኝ ቁጥር ነው፤ «እሰማለሁ፤ አትጩኹ»። ሰውዬው «ልጄ መጣልኝ፣ ደስ አለኝ» የሚል ቁልፍ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። «አልተቀበልኩም» አለችው። ከወንበሬ ተነስቼ ሳቅኩ። ከዚያ እኔ «ልጄ ደክሟታል፣ ትረፍ» የሚል አቀረብኩ። «አልተቀበልኩም።» ያን ቀን አልሳቅኩም።

አንድ ቀን መዝገቡ ላይ አዲስ መስመር አየሁ። አንድ ቁጥር ተሰርዟል። «አመሰግናለሁ ልጄ» የለም፤ ባዶ ነው። የሰረዘው ሰው፤ እናት።

ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ። ቀኔም አልነበረም። የማን ሥራ እንደሆነ መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነበር። ሰውዬው መክሯታል፣ እሱ ነው፣ ነውር ነው ብሎ አሳምኗታል፣ በእኔና በእናቴ መሃል ገብቷል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደሆነ ልቤ ያውቃል፤ ንዴቴ ግን አያውቅም። ደረጃውን ሳላርፍ ወጥቼ ገባሁ። እማዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ሞግዚቷ ጥፍሯን እየቆረጠችላት ነበር።

«አንድ ቁጥርን ለምን አጠፋሽው?» አልኳት። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኋትም። «እሱ ነው ያለሽ? ምን አጠፋሁ እማዬ? ምን አጎደልኩ?»

እማዬ ሞግዚቷን በዓይኗ አስወጣችና ኪቦርዱን ሳበች። «ሳ» አለ ስክሪኑ። ሳ… ሳይ? ሳልፈልግ? አፌን ከፈትኩ፤ አጎቴ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። አንድ ፊደል አጥፍታ እንደገና ጻፈች። ውጪ የሆነ ሰው መኪናውን ለማስነሳት ይታገላል። ከዚያ ጣቷ የንባቡ ቁልፍ ላይ ወረደ።

«ሳመሰግን ራሴ እጽፈዋለሁ።»

ለካ ስንት ጊዜ ነው ራሴን ያመሰገንኩት፤ ለካ ያ ድምፅ የእኔው ጽሑፍ ነበር። አለቀስኩ፤ እማዬ አየችኝ። ልታባብለኝ ቁልፍ የላትም፤ ቢኖራትም የምትጫነው አይመስለኝም።

ስወጣ ደረጃው ላይ ሰውዬውን አገኘሁት፤ እሱም ቢሮ ሆኖ አይቶ መጥቷል ማለት ነው። አንዳችን ቆመን ማሳለፍ ነበረብን፣ አንዳችንም አልቆምንም፤ መሃል ላይ ተገጣጠምን።

«አየኸው?» አልኩት።

«አየሁት።»

«ለአንተ ጽፋልህ ታውቃለች?»

ወደ መያዣው ብረት አየ። «የለም» አለ። «ለአንቺስ?»

«የለም።»

ደስ አለኝ። የሚያሳፍር ደስታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ለእሱም አልጻፈችለትም። እሱም ደስ እንዳለው ከፊቱ አየሁ። ከዚያ ትከሻውን አጥብቦ አሳለፈኝ።

አሁንም በቀኔ እሄዳለሁ። ፀጉሯን አጥባለሁ፣ አበጥራለሁ፣ እጎነጉናለሁ። ስጨርስ ከፊቷ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ጣቷ ወደ ኪቦርዱ ሲሄድ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ አልገምትም፤ ፊደል በፊደል እየጠበቅሁ እስከ ነጥቡ ድረስ እታገሣለሁ።

«ፎጣው እርጥብ ነው» ይላል ላፕቶፑ፣ በሙሉ ድምፁ።

ተነስቼ ደረቅ ፎጣ አመጣላታለሁ።